መርፌውና የመካንነት ስጋት

ሴቶች ዘመናዊ የእርግዝና መከላከያ እንዳይጠቀሙ የሚያግደው ምንድን ነው ሲባል በቅድሚያ የሚነሳው የጤና ተቋም ርቀት ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አገልግሎቱን እስከ ጤና ኬላ አውርዶታል። በዘመናዊ መከላከያ የሚጠቀሙ ባለትዳር ሴቶች ድርሻም እ.ኤ.አ. በ2000 ከነበረበት 6 በመቶ በ2019 ወደ 41 በመቶ አድጓል።

ይሁን እንጂ በቆቦና በአላማጣ መካከል በምትገኘው ዋጃ፣ በራያ ቆላ የምትኖር እናት ጤና ኬላው ቢቀርባትም እንኳ «መርፌው ያመክናል» የሚለው ወሬ ሊያግዳት ይችላል። ወሬው ከምን ይመነጫል?

በየ3 ወሩ የሚሰጠው መርፌ በጡንቻ ውስጥ የሚያከማቸው ሆርሞን ቀስ በቀስ ወደ ደም እየገባ እንቁላል እንዳይወጣ ያደርጋል። የወር አበባም ሊዛባ ወይም ሊቀር ይችላል። ክምችቱ በ3ኛው ወር ተሟጦ ስለማያልቅ፣ ለመውለድ ብለው ካቆሙት ሴቶች ግማሽ ያህሉ የሚያረግዙት ከመጨረሻው መርፌ 10 ወር ገደማ ቆይተው ነው። ይህ መዘግየት እንጂ መምከን አይደለም። በክንድ የሚቀበረው መከላከያ ሲወጣ ግን የመውለድ ችሎታ በቶሎ ይመለሳል።

ይህን አስቀድሞ ያልተነገራት እናት ወራቱ ሲቆጠሩ ወሬውን ታምናለች። ጎረቤቷም ያንኑ ሰምታ መርፌውን ብታቋርጥ ሳትፈልግ ልታረግዝ ትችላለች። ስለዚህ ማብራሪያው ከመርፌው በፊት መሰጠት ይኖርበታል።