አይ.ኢ.ፒ ያለው ልጅዎ ከትምህርት ቤት ሲታገድ

አሜሪካ ውስጥ አይ.ኢ.ፒ (ጉዳት ላለበት ተማሪ በግሉ የሚዘጋጅ የልዩ ትምህርት ዕቅድ) ያለውን ልጅ ትምህርት ቤቱ እንደፈለገ ማባረር አይችልም። አይዲያ የሚባለው የፌዴራል ሕግ ልጓም አበጅቶለታል። ልጁ በተከታታይ ከ10 የትምህርት ቀን በላይ ከታገደ፣ ወይም በዓመቱ ውስጥ እዚህም እዚያም የታገደባቸው ቀናት ተደምረው ከ10 ካለፉና በተመሳሳይ ጥፋት ከተደጋገሙ፣ ትምህርት ቤቱ ወላጅን ጠርቶ ስብሰባ መቀመጥ ግዴታው ነው። ስለዚህ ቀን መቁጠር ይጀምሩ።

እኔን ያስቸገረኝ ይኸው ቆጠራ ነው። ስልክ ይደወላል፤ «ልጁ ዛሬ ተረብሿል፣ መጥተው ቢወስዱት» ይላሉ በትሕትና። እኛ ደግሞ መምህርን አክብረን ያደግን ነን፤ አለቃችንን ለምነን እንሮጣለን። ልጁ ቦርሳውን አዝሎ ቢሮው በር ላይ ቆሟል። የመውጫ መዝገቡ ላይ «ምክንያት» በሚለው ቦታ «የቤተሰብ ጉዳይ» ብለን ፈርመን እንወጣለን። የስብሰባው ዕለት ፋይሉ ሲከፈት እገዳ የሚል ነገር የለም፤ ልጁን በየጊዜው የወሰድነው እኛው ነን።

እንዲህ ዓይነቱ «መጥታችሁ ውሰዱት» እንደ ማንኛውም እገዳ እንደሚታይ የፌዴራሉ ትምህርት ሚኒስቴር በ2022 መመሪያው ላይ ግልጽ አድርጓል። ግማሽ ቀንም ቢሆን ሊታሰብ ይችላል። ግን ካልተጻፈ ማን ይቆጥረዋል? ሲደወልልዎ «ይህ እገዳ ነው ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ነው ካሉ በጽሑፍ ይስጡዎት፤ አይደለም ካሉ ልጁ ክፍሉ ይቆይ። የግድ መሄድ ካለብዎ መዝገቡ ላይ «ትምህርት ቤቱ ጠርቶኝ» ብለው ይጻፉ። ማታውኑ ደግሞ ማን እንደደወለ፣ በስንት ሰዓትና ምን እንዳለ በኢሜይል ይላኩላቸው። እኔ ከስልክም ከመተግበሪያም ኢሜይል እመርጣለሁ፤ ቀኑን ራሱ ይመዘግባል። ሁለት መስመር ይበቃል፤ ስለ እንግሊዝኛዎ አይጨነቁ።

ከስብሰባው በፊት የልጁን ፋይል እንዲያሳዩዎትና አስተርጓሚ እንዲያመጡ ይጠይቁ፤ ሁለቱም መብትዎ ናቸው። ታላቅ ወንድሙን ወይም እህቱን አስተርጓሚ አያድርጉ። በየስቴቱ ለወላጆች በነጻ የሚያማክር ማዕከልም አለ።

ስብሰባው «ማኒፌስቴሽን ዲተርሚኔሽን» ይባላል፤ የቅጣቱ ውሳኔ በተሰጠ በ10 የትምህርት ቀን ውስጥ መደረግ አለበት። የሚመለሱት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፦ ጥፋቱ ከልጁ ጉዳት የመጣ ነው ወይስ አይደለም? ትምህርት ቤቱስ አይ.ኢ.ፒውን በተግባር ባለማዋሉ የመጣ ነው? ብዙ ወላጅ በመጀመሪያው ላይ ሲከራከር ሁለተኛውን ይረሳዋል። እርስዎ አይ.ኢ.ፒውን በእጅዎ ይዘው ይግቡ፤ የተፈቀደለትን ድጋፍ መስመር በመስመር እያነበቡ «ያን ዕለት ይህ ተደርጎለታል?» ይበሉ። ወረቀቱ በየ30 ደቂቃው እረፍት ይሰጠው እያለ ልጁ ወንበር የወረወረው ያለ እረፍት ረጅም ፈተና ላይ ተቀምጦ ከሆነ፣ መልሱ እዚያው ነው።

ከሁለቱ ለአንዱ መልሱ «አዎ» ከሆነ ልጁ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ የባህርይ ጥናትና ዕቅድም ይሠራለታል። የጦር መሣሪያ፣ አደንዛዥ ዕፅና በሌላ ሰው አካል ላይ ከባድ ጉዳት ማድረስ ግን ልዩ ናቸው፤ መልሱ ምንም ቢሆን እስከ 45 የትምህርት ቀን ወደ ሌላ ስፍራ ሊወስዱት ይችላሉ። ለሁለቱም ጥያቄ «አይደለም» ከተባለ እንደማንኛውም ተማሪ ይቀጣል፤ ትምህርቱ ግን አይቋረጥም። ካልተስማሙ የተፋጠነ ችሎት ይጠይቁ፤ በ20 የትምህርት ቀን ውስጥ መሰማት አለበት።

ልጅዎ አይ.ኢ.ፒ ከሌለውና የሚያሳስብዎ ነገር ካለ፣ ልዩ ትምህርት እንደሚያስፈልገው ለመምህሩ ዛሬውኑ ይጻፉ፤ ከጥፋቱ በፊት የተጻፈ ደብዳቤ ይህንኑ ጥበቃ ሊያስገኝለት ይችላል። «ስም ይወጣበታል» ብለው ትምህርት ቤቱ የሚያደርግለትን የልዩ ትምህርት ምርመራ እንቢ ካሉ ግን ሕጉ ልጅዎን እንደማንኛውም ተማሪ ነው የሚያየው። እባክዎ፣ የምርመራውን ፈቃድ ይፈርሙ።