ከድንኳኑ በኋላ፡ ሐዘንተኛን ማማከርና የመተማመን ጉዳይ

መግቢያ

በአገራችን ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም። መርዶ ከተነገረበት ሰዓት ጀምሮ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበርና ዕቃ ያቀርባል፤ ለቀስተኛው ንፍሮ ቀምሶ አብሮ ይቀመጣል። ታዲያ ይህን ያህል አጽናኝ እያለ ባለሙያ አማካሪ ምን ይጨምራል? ክፍል ውስጥ ስንማር ይህን ጥያቄ እኔም አንስቼ ነበር። መልሱን ያገኘሁት ግን ለተግባር ልምምድ ስወጣ፣ ያውም ከራሴ ስህተት ነው።

ስህተቴ

ልጃቸው የሞተባቸው አንዲት እናት ወደ ምክር ክፍሉ መጡ። (ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ትቼዋለሁ።) ልጁ ከሞተ ወራት አልፈዋል፤ ድንኳኑ ተነሥቷል፣ ጠያቂውም ቀርቷል። «ቡና ሳፈላ አሁንም የእሱን ሲኒ አወጣለሁ» አሉና እንባቸው መጣ። እኔ ደነገጥኩ። «አይዞዎት እማማ፣ አያልቅሱ፤ እሱ እንኳ አርፏል» አልኳቸው። «እሺ ልጄ» ብለው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና ስለ ራስ ምታታቸው ማውራት ጀመሩ። በዚያ ቀን ስለ ልጃቸው አንዲት ቃል አልጨመሩም።

ተቆጣጣሪ መምህሬ ማስታወሻዬን አንብቦ «ለመሆኑ ልቅሶው የከበደው ማንን ነው? እሳቸውን ነው ወይስ አንተን?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም።

ንድፈ ሐሳቡ ምን ይላል?

ካርል ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው ጽሑፍ ከአማካሪው የሚጠበቁ ሦስት ነገሮችን አስቀምጧል፤ እውነተኛ መሆን፣ ተመካሪውን ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበልና ስሜቱን በእሱ ቦታ ሆኖ መረዳት። የእኔ «አያልቅሱ» ሁለተኛውን አፍርሶታል። በሌላ አነጋገር «እንባዎን ይዘው አይምጡ» ማለቴ ነበር።

ሁላችንም ለፈተና ያጠናናቸው የኩብለር-ሮስ አምስት ደረጃዎች (መካድ፣ ቁጣ፣ ድርድር፣ ድብርት፣ መቀበል) እ.ኤ.አ. በ1969 የቀረቡት ለሞት ከተቃረቡ ሕሙማን ጋር ከተደረገ ውይይት በመነሣት ነው፤ ለሐዘንተኛ የዋሉት በኋላ ነው። ስለዚህ ሐዘንተኛው በተራ የሚወጣው መሰላል አድርገን መያዝ የለብንም። ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳስረዱት ሐዘንተኛ በሐዘኑና በዕለት ኑሮው መካከል ይመላለሳል። ዛሬ አልቅሳ ነገ ገበያ የወጣች እናት ልጇን ረሳች አይባልም፤ ማግስቱን ተመልሳ ብታለቅስም ወደ ኋላ ቀረች አይባልም።

መተማመን በተግባር

አንደኛ፣ ምስጢር። ወሬ ከቤት ቤት በሚዞርበት ሰፈር ሰው የሚፈራው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ቀን ወሰኑን መናገር ያስፈልጋል፤ «የሚነግሩኝ ከዚህ አይወጣም፤ ራስዎን ወይም ሌላ ሰው ለመጉዳት ካሰቡ ግን ብቻዬን አልይዘውም»። ወሰኑን ደብቆ ኋላ መግለጥ እምነትን ይሰብራል።

ሁለተኛ፣ ስህተትን ማመን። በሚቀጥለው ቀጠሮ «ባለፈው ስለ ልጅዎ ሲነግሩኝ አቋረጥኩዎት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስሙ ማን ነበር?» አልኳቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። እኔም እንደ ምንም ብዬ ዝም አልኩ። ከዚያ ስሙን ነገሩኝ፤ አለቀሱም፤ ሰዓቱ እስኪያልቅም ስለ እሱ አወሩ።

ሦስተኛ፣ እምነታቸውን ማክበር። ጸሎቱም ሆነ ተዝካሩ የሐዘንተኛው ምርኩዝ ነው። አማካሪው ከቄሱ ወይም ከሼኩ ጋር አይፎካከርም።

አራተኛ፣ ከአቅም በላይ የሆነውን መለየት። የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛው የበሽታዎች ምደባ የተራዘመ ሐዘንን እንደ ሕመም የሚቆጥረው ቢያንስ ከስድስት ወር በላይ ሲቆይ፣ የኅብረተሰቡ ባህልና ሃይማኖት ከሚጠብቀው በግልጽ ሲያልፍና ኑሮን ሲያውክ ነው። ያን ጊዜ ወደ አእምሮ ሐኪም መላክ ይገባል። ራስን ስለ ማጥፋት ሐሳብም በግልጽ መጠየቅ አለብን፤ መጠየቁ ሐሳቡን አይፈጥርም።

ማጠቃለያ

ዕድሩ የሚሠራውን እኛ አንሠራውም፤ መሞከርም የለብንም። የእኛ ቦታ ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ነው። ሁሉም «በቃ፣ ይበቃል» በሚልበት ጊዜ «ይንገሩኝ» ብሎ መቀመጥ ነው። ለልምምድ የምትወጡ ጓደኞቼ፣ «አያልቅሱ» የሚለው ቃል አፋችሁ ላይ ሲደርስ፣ መጀመሪያ የከበደው ማንን እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ።