ቤተ ክርስቲያንን በእርሳስ ማጥናት



ለዕረፍት ወደ ዳንግላ በተመለስሁ ጊዜ በልጅነቴ የማውቀው የገጠር ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ አዲስ ሲሠራ አገኘሁ። ምሰሶዎቹን ምስጥ ስለ በላቸው መፍረሱ ግድ ነበር። ነገር ግን ምሰሶዎቹ ስንት ነበሩ ብዬ ብጠይቅ አንዱ ሃያ፣ ሌላው ሃያ አራት አለኝ። የለካም፣ የነደፈም አልነበረም።

ንድፍ ስል ለግድግዳ የሚሰቀል ሥዕል ማለቴ አይደለም። ሕንፃው ምን እንደሚመስል ሳይሆን እንዴት እንደ ቆመ፣ ምኑ ምኑን እንደ ተሸከመ የሚመረምር ንድፍ ነው። ለምሳሌ የደብረ ዳሞን ግድግዳ ነድፈን እንጨቱን ብቻ እናጥቁረው፤ አግዳሚው እንጨት የድንጋዩን ካብ አስሮ ይዞታል። ቀጥሎ የላሊበላን ቤተ አማኑኤል እንንደፍ። ያው አግዳሚ መስመር አለ፤ ግን ሁሉም ከአንድ አለት የተፈለፈለ ስለ ሆነ የሚያስረው ነገር የለም። እንግዲያስ ጠራቢው በእንጨትና በድንጋይ የተሠራ ሕንፃ አይቶ ኖሯል! በ1906 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) አክሱም የመጣው የጀርመን ጓድ መሐንዲስ ዳንኤል ክሬንከርም ሐውልቶቹን እየለካ ነድፎ በር፣ መስኮትና «የዝንጀሮ ራስ» የሚባለውን የእንጨት ጫፍ በድንጋዩ ላይ ለይቶ አሳይቷል።

ወደ ጎጃም ክብ አብያተ ክርስቲያናት እንመለስ። በጥንቱ ባለ አራት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይከታተላሉ፤ በክቡ ግን አንዱ ሌላውን ይከባል። ሁለቱን በአንድ ወረቀት ነድፈን ሦስቱን ክፍሎች በቀለም ብንለይ ሥርዓቱ ሳይለወጥ ቅርጹ ብቻ እንደ ተለወጠ ይታየናል። በብዙዎቹ መቅደሱ በክቡ መካከል አራት ማዕዘን ሆኖ ይቆያል። በቁመቱ ቆርጠን ስንነድፈው ደግሞ የጣራው መካከል በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ማረፉን እናያለን።

አለካኩ ቀላል ነው። ቄሰ ገበዙን አስፈቅደን ዙሪያውን በገመድ እንለካለን። 66 ሜትር ቢሆን ለ3.14 ሲካፈል ስፋቱ 21 ሜትር ያህል ነው፤ ሁለቱን ሜትር በአንድ ሳንቲ ሜትር ብንነድፍ በደብተር ገጽ ይገባል። መቅደስ አንገባም፤ የውጭ ግድግዳውን ከቅድስት ሆነን እንለካለን። ምሰሶ ሲቆጠር ሁለት ሰው ለየብቻ ይቁጠር፤ እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ።

ንድፉ ሲያልቅ አንዱ ቅጂ ለሰበካ ጉባኤው መዝገብ፣ ሌላው ለሰንበት ትምህርት ቤታችን ይሁን። ገመዱ እኔ ዘንድ አለ።