መገኘትና ማስመስከር፦ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ የሙያ ምስክር ወረቀት አመራረጥ

በአብነት ትምህርታችን ሥርዓት ድጓ የተማረ ሁሉ የድጓ መምህር አይባልም። አጥንቶ በጋይንት ቤተ ልሔም ማስመስከር ይጠበቅበታል። የዝማሬና መዋሥዕት ምስክር ዙር አምባ፣ የቅዳሴ ምስክር ደግሞ ሰለልኩላና ደብረ ዓባይ ነው። ይህን ሥርዓት የሚያውቅ ካህን ዛሬ ወጣቶቻችን ስለሚጠይቁት የኮምፒውተር ሙያ ምስክር ወረቀት ለመምከር አይቸገርም። ጥያቄው አንድ ነውና፦ ወረቀቱ የሚመሰክረው በትምህርቱ ላይ መገኘትን ነው ወይስ ሙያውን ማወቅን?

ጉዳዩ እንደ አዲስ ቅዳም ላሉ ከተሞች ቀላል አይደለም። በፋግታ ለኮማ ወረዳ ብዙ ቤተሰብ ልጁን የሚያስተምረው ከዲከረንስ ዛፍና ከከሰል በሚያገኘው ገቢ ነው። ገበሬው ችግኙን በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ተክሎ፣ አራት አምስት ዓመት ጠብቆ ያገኘው ገንዘብ ለማይጠቅም ወረቀት ቢከፈል የሚባክነው የዓመታት ድካም ነው። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤ ወጣቶችን ከመርዳቱ በፊት የምስክር ወረቀቶቹን ዓይነት ለይቶ ሊያውቅ ይገባል።

የመጀመሪያው ዓይነት የማጠናቀቂያ ወረቀት ነው። በ2016 ዓ.ም ሐምሌ የተጀመረው «የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች» መርሐ ግብር ፕሮግራሚንግን፣ ዳታ ሳይንስንና የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራን በኢንተርኔት በነጻ ያስተምራል። ለጀማሪ መልካም በር ነው፤ ብቻውን ግን የሙያ ማስመስከሪያ ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

ሁለተኛው በተለምዶ ሲኦሲ የሚባለው የብቃት ምዘና ነው። የቴክኒክና ሙያ ተመራቂ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለመቀጠር ይጠየቅበታል። በወረዳም ሆነ በዞን መሥሪያ ቤት መሥራት ለሚሻ ወጣት ከውጭ አገር ፈተና ይልቅ ይህ ይቀድማል።

ሦስተኛው ዓለም አቀፍ ኩባንያዎችና ማኅበራት የሚሰጡት ፈተና ነው። የኮምፒውተር ጥገናን ለሚወድ የኮምፕቲያ ኤ ፕላስ፣ የኔትወርክ ሥራን ለሚመርጥ የሲስኮ ሲሲኤንኤ ይታወቃሉ። ኤ ፕላስ ሁለት ፈተናዎች ሲኖሩት ሲሲኤንኤ አንድ አለው፤ ሁለቱም የሚያገለግሉት ለሦስት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ መታደስ አለባቸው። ሲአይኤስኤስፒ የተባለው የመረጃ ደኅንነት ምስክር ደግሞ በመሠረቱ የአምስት ዓመት የሥራ ልምድ ስለሚጠይቅ፣ ገና ከትምህርት ቤት ለወጣ ልጅ «ትልቁን ያዝ» ብሎ መምከር ያለ ዜማ ቤት ቅኔ ማኅሌት እንደ መግባት ነው።

ወጪውም አስቀድሞ ይቆጠር። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ ስላሰበ ሰው ያስተማረው ለዚህም ይሆናል። የሲሲኤንኤ ፈተና ክፍያ 300 የአሜሪካ ዶላር ነው። ብር በገበያ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም በፊት በባንክ ምንዛሬ 17 ሺህ ብር ያህል ይሆን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በዚህ ላይ አዲስ አበባ ወዳለው የፈተና ጣቢያ የመጓጓዣና የማደሪያ ወጪ አለ። የወደቀ ተፈታኝም እንደገና ይከፍላል።

ከዚህ የተነሣ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይመከራል። አስቀድሞ ወጣቱ የሚፈልገውን ሥራ ይወስን፤ በዚያ ሥራ የወጡ አምስት ወይም ስድስት የቅጥር ማስታወቂያዎችን ሰብስቦ ቀጣሪዎች የሚጠይቁትን ምስክር ይመልከት። ቀጥሎ በነጻ በሚገኘው ይማር፤ የሲስኮ ፓኬት ትሬሰር መለማመጃ ራውተርና ስዊች ሳይገዙ ኔትወርክ መዘርጋትን ያስተምራል። ሦስተኛ፣ እጁን በሥራ ያፍታታ፦ የደብሩን ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር መጠገን፣ የምእመናንን መዝገብ በሥርዓት ማደራጀት። ይህን ካደረገ በኋላ አንድ ፈተና ብቻ መርጦ ይፈተን።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። የፈተና ጥያቄዎችን አውጥተው የሚሸጡ ሰዎች አሉ። በዚህ መንገድ የተገኘ ምስክር ሲደረስበት ይሰረዛል፤ ባይደረስበትም የሐሰት ምስክርነት ነው። ይህን ለወጣቶች በግልጽ መንገር የካህናት ድርሻ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን የኮምፒውተር ሙያ የተማሩና ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶች ስንት ናቸው? የብቃት ምዘናውን ያለፉትስ?
2. ለአንድ ወጣት ሙሉ የፈተና ክፍያ ከመስጠትና ለአሥር ወጣቶች ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ያለበት የመለማመጃ ክፍል ከማዘጋጀት የትኛው ይቀድማል?
3. ድጋፍ የተደረገለት ወጣት ሌላውን በማስተማር ወይም ደብሩን በሙያው በማገልገል እንዲመልስ ምን ዓይነት ስምምነት እናድርግ?