አንዱ ክኒን ለሁላችን አንድ አይደለም
ሲ.ዋይ.ፒ.2ዲ6 ስለተባለው ጂንና ስለሚሠራው ኢንዛይም

ለሕክምና ተማሪ በየሳምንቱ የሚቀርብለት ጥያቄ አለ። አል ኸቢሲ ውስጥ በምንኖርበት ቤት አንዱ ጥርሱን ተነቅሎ ሲመጣ፣ ሌላውን ሳል ሲይዘው፣ ከሻንጣ ሥር የተቀመጠ ክኒን ይወጣና «ይህን ብውጠው ምን ይለኛል?» ይባላል። ባለፈው ዓመት አንድ ወንድማችን ኮዴይን ያለበትን የሕመም ማስታገሻ ከጓደኛው ተቀብሎ፣ ማሸጊያው ላይ እንደተጻፈው ሁለት ፍሬ ብቻ ቢወስድ፣ ቀኑን ሙሉ አንገቱን ማቅናት አቅቶት ዋለ። ጓደኛው ግን ያንኑ ክኒን በዚያው መጠን ሲወስድ ሕመሙን ከማስታገስ በቀር ምንም አላደረገውም። የወንድማችንን ደም ማንም ስላልመረመረ ምክንያቱ ይህ ነው ብዬ አልፈርድም። ይሁን እንጂ ነገሩ እኛን ኢትዮጵያውያንን በተለይ ወደሚመለከት አንድ ጂን ይመራናልና በዚህ ጽሑፍ ስለ እርሱ ለማስረዳት እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጂን (አንዳንድ መጻሕፍታችን በራሂ ይሉታል) ፕሮቲን የሚሠራበት የትእዛዝ ጽሑፍ ነው። ሲ.ዋይ.ፒ.2ዲ6 የሚገኘው በ22ኛው ክሮሞዞም ላይ ሲሆን፣ በትእዛዙ መሠረት 497 አሚኖ አሲዶች ተያይዘው ሳይቶክሮም ፒ 450 ከሚባለው ቤተሰብ አንዱን ኢንዛይም ያስገኛሉ። ኢንዛይሙ በዋናነት የሚሠራው በጉበት ውስጥ ነው። በመካከሉ እንደ ሄሞግሎቢን ሁሉ ብረት የያዘ ሄም አለው። በዚህ ብረት አማካይነት ኦክስጅን ይይዝና አንዱን አቶም ከመድኃኒቱ ጋር ሲያጣምር ሌላው አቶም ውሃ ይሆናል። በዚህ አኳኋን በስብ እንጂ በውሃ የማይሟሟው መድኃኒት በሽንት ሊወጣ ወደሚችል ነገር መለወጥ ይጀምራል። በጉበት ካሉት የቤተሰቡ አባላት መካከል በብዛቱ አነስተኛ ቢሆንም፣ በሐኪም ከሚታዘዙት መድኃኒቶች ሩብ ያህሉን ይነካል።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ኢንዛይሙ ለአብዛኞቹ መድኃኒቶች ገዳይ ነው፤ ማለትም ኃይላቸውን ያጠፋል። ለጥቂቶች ግን ቀስቃሽ ነው። ኮዴይን ራሱ ደካማ መድኃኒት ነው። ሕመም የሚያስታግሰው በአብዛኛው ይኸው ኢንዛይም ጥቂቱን ክፍል ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው። ስለዚህ ኢንዛይሙ የሌለው ሰው ኮዴይን ቢውጥ እፎይታ አያገኝም፤ የበዛለት ሰው ደግሞ ሳያውቀው ከታሰበለት በላይ ሞርፊን ይወስዳል። ትራማዶልም ቢሆን ኃይሉን በብዛት የሚያገኘው በዚሁ መንገድ ነው።

ልዩነቱ የታወቀው በአጋጣሚ ነው። በ1970ዎቹ ለንደን ውስጥ ፕሮፌሰር ሮበርት ስሚዝ ከባልደረቦቹ ጋር ዴብሪሶኪን የተባለውን የደም ግፊት መድኃኒት ለሙከራ ዋጠ። ሌሎቹ ብዙም ሳይነካቸው እርሱ ግፊቱ ወርዶ ተዝለፈለፈ። በ1977 የታተመው ጥናታቸው መድኃኒቱን የመለወጥ ችሎታ በዘር የሚወረስ መሆኑን አሳየ። ከአውሮፓውያን መካከል ከመቶ ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት የሚሠራ ኢንዛይም የላቸውም። ብዙ ጊዜ የመማሪያ መጻሕፍት በሰፊው የሚያትቱት ስለ እነዚህ ነው።

የእኛ ነገር ግን በሌላው ጫፍ ነው። በ1985 ስዊድን ውስጥ ከተለመደው እጅግ የበዛ የድብርት መድኃኒት ካልወሰደች በቀር ምንም ስለማይሠራላት አንዲት ሴት ተጻፈ። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ «መድኃኒቱን አልወሰድክም፣ ትዋሻለህ» መባሉ የተለመደ ነው። በ1993 ምክንያቱ ተገኘ። አንዳንድ ሰው በአንዱ ክሮሞዞም ላይ ይህን ጂን በአንድ ቅጂ ፈንታ በሁለት ወይም ከዚያ በላይ ቅጂ ይወርሳል፤ በአንድ የስዊድን ቤተሰብ ውስጥ 12 ቅጂ ተቆጥሯል። ቅጂው ሲበዛ ኢንዛይሙም ይበዛል። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ቢገኝ ነው።

በ1996 ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉና በስዊድን የካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ባልደረቦቿ በ122 ኢትዮጵያውያን ላይ ያደረጉትን ጥናት አወጡ። ከመቶ 29 የሚሆኑት የተባዛ ጂን ነበራቸው! በተከታዩ ዓመት በሳዑዲ ዓረቢያ የተደረገው ጥናት ደግሞ ከመቶ 20 ያህል አገኘ። ቀይ ባሕርን ግራና ቀኝ ይዞ የተቀመጠው ሕዝብ በዚህ ጉዳይ ይመሳሰላል ማለት ነው።

ከዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በመጀመሪያ፣ 122 ሰው ከ80 የሚበልጥ ቋንቋ ለሚነገርባት አገር ሁሉ ምስክር ሊሆን አይችልም፤ ከመቶ 71ዱም የተባዛ ጂን አልተገኘባቸውም። «የኢትዮጵያዊ ደም እንዲህ ነው» የሚል ሰው ሳይንሱን አላነበበም። በሁለተኛ ደረጃ፣ ጂን ብቻውን አይወስንም። በ2002 እነዚሁ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያና በስዊድን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ሲያወዳድሩ፣ ጂናቸው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ አገር ቤት ያሉት ዴብሪሶኪንን የሚለውጡት በዝግታ ነበር። ምግቡ ይሁን ሌላ የአካባቢ ነገር፣ ኢንዛይሙን የሚገታ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ጫት ይህን ኢንዛይም እንደሚገታ በኢትዮጵያውያን ወንዶች ላይ በተደረገ ጥናት ታይቷል። (እዚህ አገር ጫት በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ለሙከራ የሚነሳሳ እንደማይኖር ተስፋ አደርጋለሁ።) እንግዲህ አገር ቤት ሳለ ኮዴይን ተስማምቶት የነበረ ሰው፣ ባሕር ተሻግሮ ኑሮው ሲለወጥ እንደዚያው ይስማማዋል ብሎ መተማመን አይችልም።

ቅጂው ለምን በእኛ ዘንድ እንደበዛ የቀረበ መላ ምት አለ። ኢንዛይሙ በዕፅዋት ውስጥ ያሉ አልካሎይድ የሚባሉ መርዞችን ይሰብራል። በረሃብ ዘመን ያገኙትን ቅጠልና ሥር የበሉ ሰዎች፣ ተጨማሪ ቅጂ የነበራቸው በሕይወት የመትረፍ ዕድላቸው ሰፍቶ ይሆናል የሚል ነው። ይህ ገና አልተረጋገጠም፤ ግን ረሃብን ለሚያውቅ ሕዝብ ልጅ እንዲሁ የሚታለፍ ሐሳብ አይደለም።

ወደ ሻንጣችን እንመለስ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት፣ ከቶንሲል ቀዶ ሕክምና በኋላ ኮዴይን የተሰጣቸው ሕፃናት በመሞታቸው፣ በ2013 ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አወጣ። በ2017 ደግሞ ከ12 ዓመት በታች ላሉ ሁሉ እንዳይሰጥ ከለከለ፤ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዱት መከረ፤ ሞርፊኑ በጡት ወተት ወደ ሕፃኑ ያልፋልና። አል ዓይን ውስጥ የወለዱ እህቶቻችን ለምጥ በኋላ ሕመም ክኒን ሲጠይቁን ይህን መዘንጋት የለብንም። ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ለመሥራት ይህን ኢንዛይም አይሹም።

ደግሞም ኮዴይንና ትራማዶል በተባበሩት ዓረብ ኤሚሬትስ ቁጥጥር የሚደረግባቸው መድኃኒቶች ናቸው። ከአገር ቤት ይዞ የሚመጣ ሰው የሐኪም ማዘዣና የመንግሥት ፈቃድ ከሌለው በሕግ ሊጠየቅ ይችላል። ሐኪም ቤት ስትሄዱ «ከዚህ በፊት ኮዴይን ወስጄ እንዲህ ሆኜ ነበር» ማለትን አትፈሩ፤ የጂኑ ምርመራ በሌለበት ያ ቃል ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው። ክኒኑን የወሰደ ሰው እንቅልፉ ከብዶ ሲጠሩት ካልነቃ፣ ትንፋሹ ከዘገየ፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ከጠበበ፣ «ይተኛ፣ ደክሞት ነው» ሳትሉ ወደ አምቡላንስ በ998 ደውሉ።