ከፔታህ ቲክቫ ወደ መጀመሪያው ክሮኖ

በክሮኖ ውድድር እያንዳንዱ ብስክሌተኛ ብቻውን ይነሳል፤ ብዙ ጊዜ የአንድ ደቂቃ ልዩነት አለ። አነስተኛ ሰዓት የፈጀ ያሸንፋል። ግፊያ ስለሌለው ለጀማሪ ይመቻል።

1. 10 ኪሎ ሜትር አካባቢ የሆነ ውድድር ምረጡ። ብዙው ቅዳሜ ስለሚውል፣ ሰንበት የምታከብሩ ዓርብ የሚካሄደውን ፈልጉ። ስለ ፈቃድ፣ ስለ ኢንሹራንስና ስለ ሐኪም ወረቀት አስቀድማችሁ የእስራኤል ብስክሌት ፌዴሬሽንን ጠይቁ።

2. ያላችሁን የመንገድ ብስክሌት ተጠቀሙ። የክንድ ማሳረፊያ አሁን አትግዙ፤ ገንዘቡ ለጥሩ ሄልሜት ይዋል።

3. በያርኮን ዳር፣ ወደ ቴል አቪቭ በሚወስደው የብስክሌት መንገድ ላይ እግራችሁን አፍታቱ። እዚያ ፍጥነት አትሞክሩ፤ እግረኛና ጋሪ የሚገፋ ወላጅ ይበዛል። በዮም ኪፑርም መንገዱ ከመኪና ነፃ ሆነ ብላችሁ ሰዓት አትያዙ፤ የልጆች ብስክሌት ይሞላዋል። መንገድ 6 ለብስክሌት ዝግ ነው። በበጋ ፀሐይ ሳትበረታ ውጡ።

4. ሳምንት ውስጥ አንድ ቀን ጠንከር ብላችሁ ንዱ፦ 5 ደቂቃ በኃይል፣ 5 ደቂቃ በዝግታ። ሦስት ጊዜ ድገሙት።

5. ዋዜማውን ካቴናውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ዘይት ጨምሩ። ትርፉን ጥረጉ። ዘይቱ የፍሬን ዲስክ እንዳይነካ ተጠንቀቁ።

6. ጠዋት ጎማውን በፖምፓ ሙሉ። በጎማው ጎን የተጻፈውን ከፍተኛ ልክ አትለፉ።

7. ለ20 ደቂቃ አሟሙቁ፤ መጨረሻ ላይ ሦስት ጊዜ ለአጭር ጊዜ በፍጥነት ንዱ።

8. ተራችሁ 5 ደቂቃ ሲቀረው መስመሩ አጠገብ ቁሙ። ብትዘገዩም ሰዓታችሁ በተመደበው ደቂቃ መቁጠር ይጀምራል።

9. መካከለኛ ማርሽ አስገቡ። ከኋላ ኮርቻውን የሚይዝላችሁ ሰው ካለ ሁለቱንም እግር ፔዳል ላይ አድርጉ። ካልተመቻችሁ አንድ እግር መሬት ላይ ይቆይ፤ ማንም አይከለክላችሁም።

10. ቆጠራው ሲያልቅ ቀስ ብላችሁ ተነሱ። ጀማሪን የሚጥለው ይህ ቦታ ነው፦ ጉልበቱ ትኩስ ስለሆነ የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ይቀልለዋል፣ ከዚያ ሦስተኛው ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። እስከ 2 ኪሎ ሜትር ድረስ አጭር ዐረፍተ ነገር መናገር የምትችሉበትን ፍጥነት ያዙ። ከዚያ ጨምሩ። የመጨረሻውን 2 ኪሎ ሜትር ያላችሁን አውጡ።

11. ከመታጠፊያው በፊት ፍሬን ያዙ፤ መታጠፊያው ውስጥ ልቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2018 ጂሮ ዲታሊያ የተባለው የጣሊያን የብስክሌት ውድድር ከኢየሩሳሌም ሲነሳ ክሮኖው 9.7 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ቶም ዱሙላን ያሸነፈው በ2 ሰከንድ ብልጫ ነው። አንድ መጥፎ መታጠፊያ ከዚያ በላይ ይበላል።

12. ሌላ ሰው ከደረሰባችሁ መንገድ ልቀቁ። ከኋላው አትጠለሉ። በዓለም አቀፉ ደንብ የቀደመ ሰው 2 ሜትር ወደ ጎን ይርቃል፤ የተቀደመው ከ1 ኪሎ ሜትር በኋላ 25 ሜትር ርቆ ይከተላል።

13. የመድረሻው መስመር ላይ አትቁሙ፤ ከኋላችሁ ሌላ ሰው በሙሉ ፍጥነት እየመጣ ነው። 10 ደቂቃ በዝግታ ንዱ። ውኃ ጠጡ። ሰዓታችሁን ከነፋሱና ከሙቀቱ ጋር ጻፉ፤ ለሚቀጥለው ውድድር መነሻችሁ እሱ ነው።