ጎማ ያለው ቤት

ካዛንቺስ የሚለው ስም ከቤት የመጣ ነው። ካዛ በጣሊያንኛ ቤት ማለት ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያን ሀገራችንን በወረረ ጊዜ ለመንግሥቱ ሠራተኞች ቤት የሚሠራ ድርጅት ነበረው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከዚያ ድርጅት ነው። ዛሬ የምናነበው ግን መሠረት ስለሌለው፣ ጎማ ስላለው ቤት ነው።

እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ማታ ማታ ቂርቆስ ውስጥ ጎልማሶችን አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ አንዱ ብረት በያጅ ናቸው። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን ለቁልቢ ገብርኤል ከነቤተሰባቸው ይሄዳሉ። መንገዱ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እዚያ ሲደረስ አልጋ ማግኘት ጭንቅ ነው፤ ብዙ ሰው መኪና ውስጥ ተኮራምቶ ያድራል። «እንግዲህ የምንተኛበትን ራሴ እሠራለሁ» አሉ። ያሰቡት ከመኪናቸው ኋላ የሚጎተት፣ ጣሪያና መኝታ ያለው ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1885 እንግሊዝ አገር ጎርደን ስቴብልስ የተባለ ሐኪም በፈረስ የሚጎተት ቤት አሠርቶ ለሽርሽር ዞሮበታል።

1. ሚዛን

ጋሪ ያየ ሰው ይህ አይከብደውም። ጭነቱ ወደ ኋላ ከበዛ ጋሪው ፈረሱን ወደ ላይ ያነሣዋል። ወደ ፊት ከበዛ ጀርባውን ይጫነዋል። ተሳቢም እንዲሁ ነው። ከጠቅላላ ክብደቱ ከአሥር አንድ ያህሉ መጎተቻው ላይ ማረፍ አለበት። ተሳቢው ከነጭነቱ 500 ኪሎ ቢሆን መጎተቻው ላይ 50 ኪሎ ያርፋል ማለት ነው። ይህ ካነሰ ተሳቢው ቁልቁለት ላይ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ መኪናውንም ይዞ ሊገለብጥ ይችላል። በጣም ከበዛ ደግሞ የመኪናው ኋላ ይወርድና የፊት ጎማዎቹ መሬት አይቆነጥጡም፤ መሪ አይታዘዝም።

2. ወረቀት

ተሳቢ ሞተር ባይኖረውም በሕግ ተሽከርካሪ ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 681 ተሽከርካሪ ሳይመረመር፣ ሳይመዘገብና ታርጋ ሳይኖረው መንገድ ላይ እንዳይወጣ ያዝዛል። ስለዚህ ብረት ከመቁረጥ በፊት የፈቃድ መሥሪያ ቤቱን ሄዶ መጠየቅ ይገባል። ተሠርቶ ካለቀ በኋላ አይሆንም ቢባል ገንዘቡም ድካሙም ከንቱ ይቀራል። የተገዛው ዕቃ ደረሰኝም በሙሉ መቀመጥ አለበት።

ተማሪዬ አሮጌ ሻንሲ ሊገዙ ሄዱ። ውል ተጻፈ። አብሬያቸው ነበርኩ። እሳቸው ብረቱን በጨርቅ ወልውለው አጎነበሱ። «መምህር፣ ወረቀቱ መጨረሻ ላይ 71 ይላል። ብረቱ ግን 17 ነው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩ?» አሉኝ። አልተሳሳቱም። ሻጩ «ቁጥር ምን ያደርጋል፣ ዕቃውን ይመልከቱ» ብሎ ተነጫነጨ። እሳቸውም «ቁጥሩ ካልተስተካከለ ገንዘብ የለም» አሉ። ውሉ ተቀዶ እንደገና ተጻፈ። ባለፈው ዓመት ቢሆን ኖሮ በተሳሳተው ወረቀት ላይ አውራ ጣታቸውን ያሳርፉ ነበር። አሁን ግን አነበቡ፤ ስማቸውንም በእጃቸው ፈረሙ።

3. አየር

ተሳቢው ጠባብ ነው። ሌሊት ብርድ ሲሆን ከሰል አስገብቶ መሞቅ ያምራል። ይህ ገዳይ ነው! ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ቀለም የለውም፣ አይሸትም። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ከታችና ከላይ የአየር ቀዳዳ ይበጅ፤ ቀዳዳ ቢኖርም ከሰል ግን ፈጽሞ አይገባም። ብርድ ልብስ ይበቃል።

ተሳቢው አሁን ግቢ ውስጥ ቆሟል። ፍሬቻውና የፍሬን መብራቱ ተገጥሟል፤ መጎተቻው ቢላቀቅ የሚይዘው ሰንሰለትም ታስሯል። ልጆቹ እንውጣበት እያሉ ይነዘንዛሉ። አባትየው ግን «ታርጋ ሳይኖረው ከዚህ በር አይወጣም» ብለዋል።

አዳዲስ ቃላት
ሻንሲ፦ ተሽከርካሪው የሚቆምበት የብረት አካል
ፍሬቻ፦ የመታጠፊያ መብራት

ጥያቄ
1. ተሳቢው ከነጭነቱ 600 ኪሎ ቢሆን መጎተቻው ላይ ስንት ኪሎ ያርፋል?
2. በውሉ ላይ ያለው ቁጥርና በብረቱ ላይ ያለው ቁጥር ባይመሳሰሉ ምን ችግር ይመጣል?
3. በእርስዎ ቤት ሌሊት ከሰል የት ያድራል?